የእማማ ሳፊዬ የግድግዳ ሰዓት

ባለፈው ቅዳሜ እማዬን ልጠይቅ ሆሎዌይ ሄድኩ። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቶ ነበርና በደረጃ ወጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስደርስ ከአንዱ በር የሚጠበስ ነገር ሸተተኝ፤ በስስ ሊጥ ውስጥ የተዘጋ ሥጋና ሽንኩርት፣ በጋለ ዘይት። አንኳኩቼ ማን እንደሚጠብስ ልጠይቅ አሰብኩና አፈርኩ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ከላይ የሚወርድ ሰውዬ «አር ዩ ኦኬ፣ ላቭ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት፤ ደህናም ነበርኩ። እማማ ሳፊዬ ትዝ ብለውኝ ነው።

በዚያ ፎቅ፣ ልክ ከኛ ቤት በታች ነበር የሚኖሩት። ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ግድም ነበር፤ ቁመታቸው ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከነበርኩት ከኔ ብዙም አይበልጥም። የክራይሚያ ታታር ናቸው፣ ሙስሊም። ሎንደን ያመጣቻቸው ልጃቸው ለሥራ ወደ ማንቸስተር ስለሄደች ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እማዬ ደግሞ ኬር ወርከር ናት፤ የሰው ሽማግሌና አሮጊት ስታጥብና ስታበላ ትውላለች፣ የራሷን ልጅ የሚያይላት ግን አልነበረም። አንድ ቀን የእማማ ሳፊዬን የገበያ ከረጢት ተሸክማ ሦስት ፎቅ አወጣችላቸው። እሳቸውም በምላሹ እኔን ተሸከሙላት። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስወጣ እሳቸው ቤት፣ ቅዳሜም እሳቸው ቤት ሆነ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ትል ነበር እማዬ።

መጀመሪያ ስትልከኝ ሁለት ትእዛዝ ሰጠችኝ። አንደኛው «በስማቸው እንዳትጠሪያቸው፤ አንቱ በያቸው» የሚል ነው። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም ብላት ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው እማማ በያቸው፣ ይበቃል» አለች። ሁለተኛው «ሥጋ እንዳትበዪ» የሚል ነበር። እማዬ ጴንጤ ናት፤ ኬኒንግተን ካለው የአማርኛ ቸርች አንድ እሑድ ቀርታ አታውቅም፤ ፓስተሯም ስለ ሥጋ አንድ ቀን ሰብኮ አያውቅም። ግን ያደገችው ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን ሥጋ በማይበላበት ሰፈር ነው። «በእምነቴ ምንም የለበትም፤ ሆዴ ነው እሺ የማይለኝ» ትላለች። የእሷ ሆድ እምቢ ስላለ የኔ ሆድ ለምን እንደሚቀጣ አልገባኝም። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሦስት ቺቦሬክ በላሁ። ቺቦሬክ ማለት ያ ደረጃ ላይ የሸተተኝ ነው፤ ሲነክሱት መረቁ አገጭ ላይ ይወርዳል። አፌን በሳሙና፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ዳቦ በሻይ በላሁ» አልኳት።

ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን ተሰቅለው ነበር። አንዱ የሎንደን፣ አንዱ የአገራቸው ነው፤ የአገራቸው ሁልጊዜ በሁለት ይቀድማል። እሱን እያዩ ነበር «ዘራ አሁን ምሳ በላች፣ ዘራ አሁን ዶሮዎቿን ታስገባለች» የሚሉኝ። ዘራ እዚያው ክራይሚያ ያሉ ታላቅ እህታቸው ናቸው። ሁለቱ ሰዓቶች እኔን አላስገረሙኝም። እኛ ቤት ሰዓቱ አንድ ቢሆንም አንባቢው ሁለት ነው፤ ቆጣሪው ስምንት ላይ ሲሆን እኔ ስምንት እላለሁ፣ እማዬ ሁለት ትላለች። ሰው ሁሉ የየራሱ ሰዓት ያለው መስሎኝ ነው ያደግኩት።

እንዲያውም በመጀመሪያው ቀን እማዬ በር ላይ ቆማ «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ በያቸው» አለችኝ፤ እኔም አፌ እንዳመጣልኝ «ቱዌልቭ» ብዬ አስተረጎምኩ። እማማ ሳፊዬ ቅንድባቸውን ብቻ አነሱ። ሶፋውን አነጠፉ፣ የራሳቸውን ፒጃማ አለበሱኝ፣ ፀጉሬን ለእንቅልፍ ጎነጎኑልኝ። እማዬ በፈረንጅ ስድስት፣ በራሷ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስትመጣ፣ መሬት የሚጎተት የአሮጊት ልብስ ለብሼ ወተት እየጠጣሁ አገኘችኝ። ሁለቱ ሴቶች ነገሩ ሲገባቸው እስኪያማቸው ሳቁ። ቋንቋ ሳይኖራቸው የተወዳጁት ያን ዕለት ይመስለኛል።

ከዚያ መጋቢት መጣና ቴሌቪዥኑ ጠዋት ማታ ስለ ክራይሚያ ማውራት ጀመረ። ሩሲያ ክራይሚያን ወሰደች ይላል። እማማ ሳፊዬ ድምፁን ዘግተው ምስሉን ብቻ ያያሉ፤ ብረት ለበስ መኪና፣ ባንዲራ፣ ፊታቸውን የሸፈኑ ወታደሮች። እኔ መውሰድ ሲባል የማውቀው ሳይክል ወይም ጃኬት ነው። አገር ተነስቶ የሚሄድ መስሎኝ በነጋታው ትምህርት ቤት እንደደረስኩ ቀጥታ ወደ ክፍላችን ካርታ ሄድኩ። ቦታው ላይ ባሕር ገብቶበት አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። ክራይሚያ ግን እዚያው ናት፤ በቀጭን አንገት ተንጠልጥላ፣ የዩክሬንን ቀለም እንደተቀባች።

«ሚስ፣ ይሄ ካርታ ኦልድ ነው?» አልኳት አስተማሪያችንን።

አይደለም አለችኝ። አብዛኞቹ የዓለም አገሮች ነገሩን አልተቀበሉትም፣ ስለዚህ ካርታው አይቀየርም፣ ብላ አስረዳችኝ። ይህን ስሰማ ያለቀ የደቀቀ ጉዳይ መሰለኝ። ከትምህርት ቤት እስከ ሕንጻችን ሮጬ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘልዬ፣ በሩ ሲከፈት «እማማ! እኛ ትምህርት ቤት ክራይሚያ አልተወሰደችም!» አልኳቸው።

እማማ ሳፊዬ በሩን ይዘው ሳቁ፤ ሲስቁ እንባቸው መጣ። «ምነው ዘራ እናንተ ትምህርት ቤት ውስጥ በኖረች፣ ቅዚም» አሉኝ። ቅዚም በእነሱ ቋንቋ ልጄ ማለት ነው።

በወሩ መጨረሻ እዚያ ሰዓቱን ቀየሩት። ሎንደን እንደ ወትሮዋ አንድ ሰዓት ወደፊት ስትገፋ፣ ክራይሚያ በዚያው ሌሊት ከሞስኮ ጋር እኩል እንድትሆን ሁለት ገፋች። ነገሩን በስልክ የነገራቸው የዘራ ልጅ ኤንቬር ነው። ስልኩን ከዘጉ በኋላ «ኒው ታይም» አሉ በእንግሊዝኛ፣ የበሰበሰ ነገር እንደነካ ሰው። እኔን ወንበር ላይ አቁመው የሎንደኑን ሰዓት አንድ አስገፉኝ። የአገራቸውንም እንደ ወትሮው አንድ ብቻ።

«ኒው ታይሙን ላድርገው? አንድ ልጨምር?» አልኳቸው፣ ጎበዝነቴን ላሳይ።

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ይህ ቃል በኔ ቤት አይነገርም» አሉ። ከወንበሩ አውርደው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «አምስት ዓመቴ ሳለ ወታደር በራችን ላይ ቆሞ ለእናቴ ሩብ ሰዓት ሰጣት። በሩብ ሰዓት ቤታችንን ለቀን ወጣን። በዕቃ ባቡር ኡዝቤኪስታን ወሰዱን። ተመልሼ ቤታችንን ሳየው ፀጉሬ ሸብቶ ነበር። ከእንግዲህ ሰዓት የሚነግረኝ ሰው የለም።»

ዛሬ ይህ ታሪክ የአንድ ሕዝብ ታሪክ መሆኑን አውቃለሁ። ያኔ ግን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኒው ታይም ማለት ስድብ ነው። ትምህርት ቤት ከማይነገሩት ቃላት ጋር ደምሬ አስቀመጥኩት።

የእማማ ሳፊዬ እልኽ ለጊዜው ማንንም አልጎዳም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚደውለው ኤንቬር ስለነበር ሂሳቡን የሚያወጣው እሱ ነው። ነገር የተበላሸው በሰመር፣ ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ነው። እዚያ የድሮው የሞባይል መስመር ተቋረጠና ሁለት ቅዳሜ ስልኩ ሳይጮህ ቀረ። እማማ ሳፊዬ ቀፎውን እያነሱ ድምፅ እንዳለው ያዳምጡና ይመልሱታል።

አንድ ረቡዕ ቆሻሻ ሊጥሉ ወረዱ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ኤንቬር ነው፤ በሰው ስልክ፣ እየተጣደፈ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። እናቱ ልባቸውን ታመዋል። ሰኞ ኦፕሬሽን ይገባሉ። ሐኪሞቹ ዕድሜያቸውን አይተው ቃል አልገቡም፤ እሳቸውም «ከዚያ በፊት እህቴን ሳላናግር አልገባም» ብለዋል። ቅዳሜ ወደ አንድ ወዳጁ ፋርማሲ ይወስዳቸዋል፣ እዚያ መደበኛ ስልክ አለ፣ በዚያ እንድንደውልላቸው፣ ግን ቶሎ ይዘጋል። «ጻፊ» አለኝ። «ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት። ኒው ታይም። ኒው ታይም፣ ኦኬ?» ቁጥሩን አንድ በአንድ ጻፍኩ፤ መልሼም አነበብኩለት። ጎበዝ ብሎኝ መስመሩ ተቋረጠ።

እማማ ሳፊዬ እየተነፈሱ ሲገቡ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ዘራ ልብ ስነግራቸው የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዘው ቆሙ። እህታቸው ሊሞቱባቸው ይችላሉ ተብሎ ለተነገራቸው ሴት ያንን መጥፎ ቃል መጨመር ጭካኔ መሰለኝ። ስለዚህ እሱን ብቻ አስቀረሁት። «ቅዳሜ ዕለት፣ የአገርዎ ሰዓት አራት ሲል ይደውሉላቸው» አልኳቸው፣ በጣቴ ወደ ግድግዳው እያሳየሁ። ለእሳቸው ማዘኔ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አስቤ የተናገርኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

ቅዳሜ የበዓል ልብሳቸውን ለበሱ፤ በስልክ የሚታዩ ይመስል ሻሻቸውን ሁለት ጊዜ ቀየሩ። ለዘራ የሚነግሯቸውን እንዳይረሱ በወረቀት ጽፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ቆጣሪው አራት ላይ ሲደርስ ቁጥሩን እኔ ደወልኩላቸው። ይጠራል። ይጠራል። የሚያነሳ የለም። ደግመን ደወልን። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ላይ ይመስለኛል፣ ዓይኔ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነገሩ ገባኝ። የዚህ ሰዓት አራት እዚያ አምስት ነው። ዘራ በታመመ ልባቸው ፋርማሲ ድረስ መጥተው፣ ስልኩ አጠገብ ተቀምጠው፣ ጠብቀው፣ ተዘግቶባቸው ሄደዋል። ያላቸውም ቀን ያ ብቻ ነበር።

ዞር ስል እማማ ሳፊዬ እኔን እያዩኝ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ሻይ አፈሉልኝ፣ ስኳሩን እንደምወደው ሦስት አደረጉልኝ።

ማምሻውን እማዬ ልትወስደኝ መጥታ «አገኟቸው?» ብላ ጠየቀች።

«ተኛሁ» አሉ እማማ ሳፊዬ። «እንቅልፍ ወሰደኝና ሰዓቱ አለፈኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እማዬ «ውይ እማማ! አይዞዎት፣ አይዞዎት» እያለች አቀፈቻቸው፤ አማርኛውን እንዳለ፣ ሳትተረጉም። እኔ በሩ ጋ ጫማዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ዓይናቸው አልተከደነም። አርጅተው የተምታታባቸው መሰለኝ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ፣ ደስ አለኝ። ማንም አላወቀም ማለት ነው፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ሆድ ግን እንደሚባለው አይፈጅም። እሑድ ቸርች እማዬ «ለጎረቤታችን እህት ጸልዩ» ብላ ስታስነግር አንገቴን ደፋሁ። ሰዎቹ የማያውቋቸውን አሮጊት በስማቸው እየጠሩ ሲጸልዩ እኔ ከእግዚአብሔር ጋር ድርድር ጀመርኩ። ቺቦሬክ እተዋለሁ አልኩት። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ስለ ሥጋው መዋሸቱን እተዋለሁ፣ ቺቦሬኩን ግን አልችልም አልኩት።

ሰኞ አለፈ። ማክሰኞም አለፈ። እማማ ሳፊዬ ያንን የፋርማሲ ቁጥር መስተዋት ላይ ሰክተውት ያዩታል እንጂ አይደውሉም፤ የሚሰሙትን ፈርተው ነው። እጃቸውን ሥራ ለማስያዝ ሊጥ ያቦካሉ፣ ይጠብሳሉ፤ ሣህኑ ሞልቶ የሚበላ የለም። ረቡዕ እማዬ ከሥራ ቀርታ የምስር ወጥ ይዛ ወረደች። እማማ ሳፊዬ ወጡን ተቀብለው አንድ ትኩስ ቺቦሬክ በሣህን አስቀመጡላት። እማዬ አየችው። እኔም እሷን አየኋት። አንዲት የጨነቃት አሮጊት ያበሰለችውን እምቢ ማለት ለእማዬ ሆድም ከበደው መሰለኝ፣ ቆርሳ ጎረሰች። ከዚያ ሁለተኛ ወሰደች። ሦስተኛውን ስታነሳ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «አንቺ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ዳቦ በሻይ?» አለችኝ። እንደ ሰም ቀለጥኩ።

እጇን እየጠረገች ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። «ቆይ፣ እዚያ ሰዓት ተቀይሯል አልተባለም እንዴ? ይሄን ለምን አያስተካክሉትም?»

እማማ ሳፊዬ «እኔ አልቀየርኩም» አሉ፣ አጭርና ጠንካራ።

እማዬ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እንግሊዝኛው ሲያልቅባት በአማርኛ እየቀጠለች፣ እኔ እየተረጎምኩ፣ እንዲህ አለቻቸው፦ «ልክ ነዎት እማማ፣ አይንኩት። እኔስ መች ነካሁ? ቆጣሪው ስምንት ይላል፣ እኔ ሁለት ብዬ አነባለሁ። ይኸው ስንት ዓመቴ እዚህ አገር፤ ሰዓቴን ማንም አልወሰደብኝም፣ ለሺፍቴም ዘግይቼ አላውቅም። ሰዓቱ የእርስዎ ይሁን። ስልክ ሲደውሉ ብቻ በሆድዎ አንድ ይጨምሩ።»

እማማ ሳፊዬ ግድግዳውን አዩት። ከዚያ ሳቁ፤ ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «አየሽ፣ እናትሽ ከሞስኮ ትበልጣለች» አሉኝ። በሆዳቸው አንድ ጨመሩ፣ ፋርማሲው ክፍት መሆኑን አረጋገጡ፣ ቁጥሩን ከመስተዋቱ አንስተው «ደውይልኝ» አሉኝ።

አንድ ሰውዬ አነሳ። እማማ ሳፊዬ ስማቸውን ሲነግሩት ሰውዬው ጮኸ። ያወራውን በኋላ ነው የነገሩን፤ ዘራ ቅዳሜ እስኪዘጋ ጠብቀው ነበር፣ ኦፕሬሽኑን ወጥተውታል፣ ገና ደካማ ናቸው፣ ግን በሕይወት አሉ፤ ቅዳሜ ኤንቬር ከሆስፒታል ይደውላል። እማዬ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ጌታ ይባረክ!» ስትል፣ እማማ ሳፊዬ በራሳቸው ቋንቋ የራሳቸውን አሉ፤ ሁለቱም አሜን ላይ ተገናኙ።

ቅዳሜ ስልኩ ራሱ ጮኸ። ኤንቬር ቀፎውን ለእናቱ ሲሰጥ እማማ ሳፊዬ «ዘራ» አሉ፤ ከዚያ ሁለቱ አሮጊቶች በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ፣ ማንኛቸውም ሳይደማመጡ። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። የሹራባቸውን እጅጌ ጎተትኩ።

«እማማ፣ ኤንቬር ኒው ታይም ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። እርስዎ አልተኙም።»

ቀፎውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው አዩኝ። «አውቃለሁ» አሉ። «ያን ቀን ስልኩ ሲጠራ ዓይንሽ የት እንዳለ አየሁ።»

«ታዲያ ለእማዬ ለምን ተኛሁ አሉ?»

«አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው። ያቺን አንድ ሰዓት የወሰዷት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ካንቺ አልጠይቃትም።»

መልሰው ቀፎውን ወደ ጆሯቸው አደረጉና ለዘራ ረጅም ነገር አወሩ፤ እኔን እያዩ፣ አንዴም በጣታቸው እየጠቆሙኝ። ነገሩብኝ አልኩ። ከዚያ ቀፎውን ለኔ ሰጡኝ። ቀጭን፣ የደከመ ድምፅ በማላውቀው ቋንቋ ደጋግሞ አንድ ነገር ይለኛል፤ የለየሁት ቅዚም፣ ቅዚም የሚለውን ብቻ ነው። «እሺ፣ እሺ» አልኩ በአማርኛ፣ እያለቀስኩ።

«ነገሯቸው?» አልኳቸው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ።

እማማ ሳፊዬ በሻሻቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ። «ነገርኳት እንጂ» አሉ። «ያንን ቁጥር አንድም ሳትስት የጻፈችልኝ ልጅ ይህቺ ናት አልኳት።»